ሚያዝያ ላይ ውሃ የነበረው ተጎታች ቤት

በእኛ ሰፈር ቤቶች ሁሉ ጎማ አላቸው፤ ከቦታው የተንቀሳቀሰ ቤት ግን አላየሁም። ጎማዎቹ ሣር ውጧቸው፣ ከሥራቸው ያለው ቦታ የድመት መውለጃ ሆኖ ተቀምጠዋል። ሰው ሲጠይቀን «ለጊዜው ነው እዚህ ያረፍነው» እንላለን። ለጊዜው ካረፉት ውስጥ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን እዚሁ ድረው፣ የልጅ ልጅ እዚሁ አይተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እዚሁ ተቀብረዋል። ኦክላሆማ ውስጥ፣ ፕላም ቤንድ በምትባል ከተማ ዳርቻ፣ ጎማ ያለውን ቤት በእውነት ሊያንቀሳቅስ የተነሳ ሰው ካለ ጎረቤቴ ኤልዉድ ፕሩት ብቻ ነው። እሱም እንዴት እንደተንቀሳቀሰ እነግራችኋለሁ።

ኤልዉድ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በከተማው የውሃ ክፍል ውስጥ ነው። መንገድ ላይ ቱቦ ሲፈነዳ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ወገቡ የሚገባው እሱ ነበር። የከተማውን የሚያፈስ ቱቦ ሁሉ ሲደፍን የኖረ ሰው፣ የገዛ ኩሽናው ቧንቧ ግን ጠብ ጠብ ሲል ኖረ። ሚስቱ ማዜል ለእንግዳ ስታስተዋውቀው «ባሌ የውሃ ሰው ነው» ትል ነበር፤ ከቧንቧው ሥር የሞላውን ድስት እየደፋች። ማዜል ስትሞት ኤልዉድ በዚያው ሳምንት ቧንቧውን ጠገነው። ሐዘን ይሁን ንስሐ አላወቅንለትም። በሰፈራችን ለሟች የተሠራ ሥራ መቼም ጥራቱ አይታማም።

ጡረታ ሲወጣ ሌላው ሰው የዓሣ መንጠቆ ይገዛል። ኤልዉድ ግን ከአንድ ገበሬ ማሳ ላይ፣ ዶሮ ሲያድርበት የኖረ የአሉሚኒየም ተጎታች ቤት እየጎተተ መጣ። በአያቶቻችን የወጣትነት ዘመን የተሠራ ነው። ቅርጹ የተጋደመ እንቁላል ይመስላል፤ ውስጡም በእርግጥ እንቁላል ነበረበት።

«ወለሉ ትንሽ ይለሰልሳል» አለኝ፣ ግባና እይ ሲለኝ።

ገብቼ ቆምኩ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ። የኋለኛው መገጣጠሚያ ዝናቡን ለብዙ ዓመት ሲያስገባው፣ የወለሉ ኮምፔንሳቶ ወተት ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ ሆኗል።

«ትንሽ?» አልኩት።

«ሻንሲው ደህና ነው።»

ወለሉን የተሸከመውን የብረት ሻንሲ በቀዳዳው አየሁት። ዝገቱ በጣት ይላጣል። «እንዴት አወቅክ?» ስለው፣ «ባይሆንማ ኖሮ ወለሉ አይቆምም ነበር» አለኝ። ወለሉ ያልቆመ መሆኑን ላስታውሰው ፈልጌ፣ እግሬን ማውጣት ስለነበረብኝ ተውኩት።

አሮጌ ተጎታች የሚያድሱ ሰዎች አንድ በሽታ አለባቸው። ስሙ «እግረ መንገዴን» ነው። ወለል ለመቀየር የውስጥ ግድግዳው ይፈታል። ግድግዳው ከተፈታ ዘንዳ እግረ መንገድን ሽቦው ቢቀየርስ? ሽቦው ከወጣ እግረ መንገድን መስኮቱስ? ከዚህ በሽታ የዳነ ሰው በአካባቢያችን የለም። ግቢያቸው ውስጥ የተበታተነ ተጎታች ይዘው ያረጁ ሰዎች አውቃለሁ፤ እግረ መንገዳቸውን እንደወጡ አልተመለሱም።

ኤልዉድ አዲሱን ወለል የቆረጠበት መንገድ ራሱ ሊተረክ ይገባል። የበሰበሰውን ወለል በጥንቃቄ አውጥቶ፣ አዲሱ ኮምፔንሳቶ ላይ አነጠፈው፤ ዙሪያውንም በእርሳስ አሰመረ። አሮጌው ወለል ግን ውሃ እየጠጣ አብጦ ነበር። ኤልዉድ እብጠቱንም ሳያስቀር ቀዳው። የአሉሚኒየሙን ቅርፊት በክሪክ አንስቶ ወለሉ ላይ ሲያወርደው፣ ቅርፊቱ ትንሽ ባርኔጣ ትልቅ ራስ ላይ እንደሚቀመጠው ተቀመጠ።

«ፋብሪካው ነው ያሳሳተኝ» አለ።

«ፋብሪካው ያበጠ እንጨት ነው እንዴ የገጠመው?»

«አንተ አይገባህም። ኦሪጅናሉ ይኼ ነው።»

ቨርና ስቶክስ ወደዚህ ታሪክ የገባችው ዘንቢል ይዛ ነው። የከተማው ላውንደሪ ባለቤት ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኤልዉድን የሥራ ልብስ ይዛ ግቢው ገባች።

«ይኼ ያንተ ነው?»

«ሸሚዙ? የኔ ነው።»

«ሸሚዙን አይደለም። ይኼን ነው የምጠይቅህ።» መዳፏን ከፈተች። የአሉሚኒየም ብናኝ ያብረቀርቃል። «ማሽኔ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ካንተ ቀጥሎ ያጠቡት የፓስተሩ ባለቤት ናቸው። የውስጥ ልብሳቸው እየወጋቸው እሑድ ስብከቱን ከዳር እስከ ዳር ቆመው ነው የሰሙት።»

«እኔ መንፈስ የነካቸው መስሎኝ ነበር» አለ ኤልዉድ።

ቨርና ላለመሳቅ ብላ ወደ ተጎታቹ ዞረች። ይኼ ስህተቷ ነው።

«እግርሽ ከመጣ አይቀር» አላት፣ «ውስጥ ገብተሽ አንድ ብረት ትይዢልኛለሽ?»

ሪቬት፣ ቆርቆሮን ከቆርቆሮ የሚያያይዘውን አጭር ሚስማር፣ ለመምታት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ውጭ ሆኖ በአየር መዶሻ ይመታል፤ ሌላው ውስጥ ሆኖ ከሪቬቱ ጭራ ላይ ከባድ ብረት ይደግፋል። መሃል ላይ የአሉሚኒየም ግድግዳ ስላለ አይተያዩም፤ በጩኸቱም አይደማመጡም። የሚነጋገሩት በማንኳኳት ነው። አንድ ጊዜ ማለት «ዝግጁ ነኝ»፣ ሁለት «ደህና ሆኗል»፣ ሦስት «ተበላሽቷል፣ ድገመው»። በአካባቢያችን ትዳር የሚጀመረው በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ፣ የተጋገረ ድንች እያቀባበሉ ነው። የእነሱ የተጀመረው በሦስት ማንኳኳት ነው። ቨርና ሁልጊዜ ሦስት ነበር የምታንኳኳው።

ስትወጣ ፀጉሯ አቧራ ለብሷል። ቆማ የዋለችው ሻንሲው ላይ በተጋደመች አንዲት ሳንቃ ላይ ነበር።

«በሕይወቴ እንዲህ ደንቁሬ አላውቅም» አለችው።

«ነገም ትመጫለሽ?»

«በስንት ሰዓት?»

የብርዱ ወራት እንዲህ አለፈ። ኤልዉድ ጋብቻ የጠየቃት፣ ከተጠየቀ፣ ሦስታችን በረንዳዬ ላይ ቀዝቃዛ ሻይ ስንጠጣ ነው።

«ይኼ ተጎታች ሲያልቅ ይዤው ወደ ባሕር ልወርድ ነው» አለ፣ ብርጭቆውን እያየ። «አልጋው ለሁለት ሰው ነው የተሠራው።»

«እየጠየቅከኝ ነው ወይስ ስለ አልጋው እየነገርከኝ?»

«ሁለቱንም።»

ቨርና ሻይዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው አንተም ስማኝ። ባሌ ዴል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲሞት በረንዳ ጀምሮ ነበር፣ ጀልባ ጀምሮ ነበር፣ መታጠቢያ ቤት ጀምሮ ነበር። የከተማውን ልብስ የማጥብ ሴት፣ ገላዬን ጎረቤት ሄጄ ስታጠብ ኖርኩ። ከእንግዲህ የጀመረ ወንድ አልፈልግም፤ የጨረሰ ነው የምፈልገው። የማይሰምጥ ወለል፣ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ፣ የታጠበበት ውሃ የሚሄድበት ቦታ። ሦስቱ የተሟሉ ቀን ና ጥራኝ፤ በማግስቱ ፓስተሩ ጋ እንሄዳለን። እህቴ አርካንሳስ መጥተሽ አብረን እንኑር እያለችኝ ነው። እስከ መስከረም እነግርሻለሁ ብያታለሁ።»

«ቀለሙስ?»

«ቀለም ጠየቅኩህ?»

«መጋረጃው ግን የዘመኑ—»

«ኤልዉድ። ሦስት ነገር።»

ሦስት ነገር ነው። እኔም በረንዳው ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ሰውዬውን አንማው፤ ሠራ። ሁለተኛውን ወለል ቅርፊቱን ራሱን ለክቶ ቆረጠው፤ ገጠመ። ሻንሲው ላይ በብሎን አሰረው። ከላይ ዘለልኩበት፤ እንደ መንገድ አስፋልት ነው። የውሃውን መስመር ደግሞ በነጭ የፕላስቲክ ቱቦ፣ በቀለበት እያጠበቀ ዘረጋው፤ ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ ስለሆነ ጊዜም አልፈጀበትም። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ጠራኝና ቧንቧውን ከፈተ። ውሃ ወረደ። በብርጭቆ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ጠጣሁ። ተንበርክኮ ከገንዳው ሥር በጣቱ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። የታጠበበትም ውሃ በሥርዓቱ ወደ ፍሳሹ ሄደ።

ሌላ ወንድ ቢሆን ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ወደ ላውንደሪው ይሮጥ ነበር። ኤልዉድ ግን በርደት ካይል ጋ ደወለ።

በርደት የአሮጌ ተጎታቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይሰበሰባል፤ አንድ ቀን ሁሉም በሩን ከፍቶ ይውላል፤ ሰው እየተዘዋወረ የሌላውን ቤት ይጎበኛል። ውስጥ ሆነው «ውይ እንዴት ያምራል» ይላሉ፤ ከደረጃው ሲወርዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በመጨረሻ ከፋብሪካው እንደወጣ ሳይለወጥ ለቆየው ሰማያዊ ሪባን ይሰጣል። ለዚህ ሪባን ሲባል በአካባቢያችን ሦስት ትዳር ፈርሷል ይባላል፤ በርደት ቁጥሩ የተጋነነ ነው ይላል፣ ሁለት ነው።

በርደት የኪስ ባትሪና እንጨት ላይ የታሰረ ትንሽ መስታወት ይዞ መጣ፤ እንደ ጥርስ ሐኪም። ከገንዳው ሥር አስገብቶ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«ፕላስቲክ» አለ። ቅማል አገኘሁ የሚል ሰው ድምፅ ነበር።

«አይፈስም» አለ ኤልዉድ።

«አይፈስም። ግን ያኔ መዳብ ነበር። ከወለሉ በታች፣ ሆዱን ከሥር ከሸፈነው ቆርቆሮ በላይ ነው የሚያልፈው። ደግሞ የኋላውን መገጣጠሚያ በምንድነው የደፈንከው?»

«በሲሊኮን።»

«ያኔ ግራጫ ስቱኮ ነበር።»

«ስቱኮው ነው እኮ ያፈሰሰው። ወለሉን ያበሰበሰው እሱ ነው።»

«ያኔም ያፈስ ነበር» አለ በርደት፣ ስለ ቅዱስ ነገር እንደሚያወራ ሰው ዝግ ብሎ። «ይኼን ሁሉ ለፍተህ ኤልዉድ፣ ያሳዝናል።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ኤልዉድ በማግስቱ ነጩን ቱቦ ነቅሎ ከአጥሩ ሥር ጣለው። መዳቡ ከወለሉ በታች ስለሚያልፍ ደግሞ ወለሉን አነሳው። «እግረ መንገዴን ነው» አለኝ። «ለቨርና ልንገራት ብዬ ነበር፤ ግን እንዲህ በግማሽ ከምታየው በአንድ ጊዜ በሙሉ ክብሩ ብታየው አይሻልም?»

ከዚያ በኋላ «ነገ ያልቃል» ማለት ተጀመረ። መዳቡ መጣ፤ ውፍረቱ የዘመኑ አይደለም ተብሎ ተመለሰ። ሌላ መጣ። የቧንቧው እጀታ ነብራስካ ካለ አንድ ሽማግሌ ጋ ተገኘ ተባለ፤ ሽማግሌው ግን ለመሸጥ ልቡ አልጨከነም፤ በየሳምንቱ እየተደዋወሉ ስለ እጀታው ያወራሉ። ቨርና ስትጠይቀው «ትንሽ ቀርቶታል» ይላታል። ሐምሌም አለፈ። ቨርና መጠየቅ አቆመች። የምትጠይቅ ሴት ተስፋ አላት፤ ያቆመችውን ነው መፍራት፤ ኤልዉድ ግን መጠየቅ ስታቆም ዕረፍት ሰጠችኝ ብሎ ደስ አለው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንሶላዬን ይዤ ላውንደሪው ሄድኩ። ቨርና ግድግዳው ላይ የነበሩትን ፎቶዎች እያወረደች በጋዜጣ ትጠቀልላለች።

«ወዴት ነው ሚስ ቨርና?»

«አርካንሳስ ነዋ። እህቴ ቅዳሜ በጭነት መኪና ትመጣለች። ያቺን ጥግ ያዝልኝ ልጄ።» አንሶላዬን ከእኔ ጋር ማጠፍ ጀመረች። «በሱ አልፈርድም። ሥራው ከበደው። ሽማግሌ ነው፤ ብቻውን ነው። ወለል መሥራት ቀላል አይደለም።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ለሌለበት ድካም ሲታዘንለት ማየት ያናድዳል።

«አልከበደውም እኮ» አልኳት። «እኔ ራሴ ከቧንቧው ጠጥቻለሁ።»

«ምን ጠጣህ?»

«ውሃ። ሚያዝያ ላይ።»

አንሶላውን አልለቀቀችም። «ሚያዝያ» አለች። «ወለሉስ?»

«ዘልዬበታለሁ።»

«ፍሳሹስ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ጨርሳ አጠፈችልኝና በሩን ሳትቆልፍ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

ኤልዉድ በተጎታቹ ሆድ ውስጥ በሁለት የሻንሲ ብረት መሃል ቆሞ፣ የመዳብ ቱቦ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል። ከወለሉ በታች ተቀብሮ የማንም ዓይን የማያየውን ቱቦ ነው የሚወለውለው። ቨርና በሩ ላይ ቆመች፤ መግቢያ የለም፤ ወለል የለም።

«ሚያዝያ ላይ ውሃ ነበረህ?»

ኤልዉድ ወደ እኔ አየ። እኔ አጥሩን አየሁ።

«ነበረኝ» አለ። «ግን ፕላስቲክ ነበር።»

«ውሃው ፕላስቲክ ነበር?»

«ቱቦው። ቨርና፣ በትክክል ሠርቼ ላሳይሽ ብዬ እኮ ነው። ላንቺ ብዬ።»

«ለኔ አትበል። እኔ ምን እንደጠየቅኩህ ቆጥሬ ነግሬሃለሁ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ የላውንደሪ ማሽን ሥራውን ጨርሶ ሲቆም የሚሆነው ዓይነት ጸጥታ ነበራት። «ዴል መጨረስ አይችልም ነበር። ሰነፍ ነው ብዬ ይቅር አልኩት። አንተ ግን ጨርሰህ ነው ያፈረስከው። ለዚህ ምን ብዬ ይቅር እንደምልህ አላውቅም። እህቴ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች።»

ሄደች። ኤልዉድ ጨርቁን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«እጀታው በሚቀጥለው ሳምንት ሊመጣ ይችላል» አለኝ።

«ማን ይከፍተዋል?» አልኩት።

ኤልዉድ ጨርቁን ጣለው። ወደ አጥሩ ሄደና ከአረሙ ውስጥ ነጩን ቱቦ መጎተት ጀመረ። ጉንዳን ገብቶበታል፤ በመርጫ ቱቦ አጠበው። መዳቡን አውጥቶ ሣሩ ላይ አጋደመው። ወለሉን መልሰን አሰርነው፤ እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች። ሁለት ቀን ሙሉ «እግረ መንገዴን» የምትለዋን ቃል አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ግድግዳው ላይ የተጣመመ ብሎን አይቶ እጁ ሄደ፤ ወዲያው ትኩስ ምጣድ እንደነካ ሰው መለሰው። ከምሩ ነው ያልኩት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ላውንደሪው ፊት የእህትየው የጭነት መኪና ቆሟል፤ ካርቶኖቹ ግማሹ ተጭነዋል። ኤልዉድ ተጎታቹን እየጎተተ ከኋላው መጥቶ ቆመ። ግድግዳው ውስጡ ራቁቱን ነው፤ ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ቁም ሣጥን የለም፤ መጋረጃማ አይነሳም። ማንንም ሳያነጋግር ከላውንደሪው ቧንቧ ላይ ቱቦ ስቦ አገናኘ፣ የውሃ ማሞቂያውን አበራና በሩን ከፍቶ ቆመ። ልብስ ሊያጥቡ የመጡት ሁሉ በመስኮት ተደርድረዋል። የፓስተሩ ባለቤት ከፊት ናቸው።

«ኑዛዜ ነው ወይስ ኤግዚቢሽን?» አለች እህትየው።

«ጨርሻለሁ» አለ ኤልዉድ።

ቨርና ካርቶኑን አስቀምጣ ገባች። አልፈገገችም። መሃሉ ላይ ቆመችና ዘለለች። ወደ ኋለኛው ጥግ ሄዳ፣ ዱሮ ዳቦ በነበረው ቦታ ላይ እንደገና ዘለለች። ቧንቧውን ከፈተች፤ ትንፋሽ አውጥቶ ሳለና ውሃው ወረደ። ገንዳው ውስጥ እያየችው ቆየች። ከዚያ ወጥታ፣ በቀሚሷ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ ሥሩን አየች። በሥርዓቱ ወደ ፍሳሹ ይሄዳል። ተመልሳ ገባችና እጇን ከሚወርደው ውሃ ሥር አደረገች።

«ሙቁ በቀኝ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ሰውዬው በጥድፊያ ሁለቱን ቱቦ አገላብጦ ገጥሟቸዋል። የከተማው የውሃ ሰው። ጆሮው ቀላ።

«ቀለበቱን ብቻ ነው የምፈታው፣ እግረ መንገዴን—» እጁ ወደ ሸሚዙ ኪስ፣ ወደ ካቻቢቴው ሄደ።

ቨርና መዳፏን ኪሱ ላይ አደረገች።

«ዕድሜ ልኬን ሙቁን በግራ ሳገኝ ኖሬያለሁ» አለችው። «በቀኝ መልመድ እችላለሁ። አንተስ? እንዲህ እንዳለ መተው ትችላለህ?»

እህትየው ሞተሩን አስነስታለች። ኤልዉድ ቧንቧውን አየ። ቀጥሎ እሷን አየ። እንደገና ቧንቧውን አየ፤ ይኼን መደበቅ አልችልም። ለአንድ ሰው ሁለት ቱቦ ማገላበጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ፣ አለማገላበጥም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«እችላለሁ» አለ። ድምፁ ጥርስ የተነቀለበት ሰው ድምፅ ነበር።

«ሞተሩን አጥፊው» አለች ቨርና ለእህቷ።

ካርቶኖቹ ከጭነት መኪናው ወደ ተጎታቹ ተሸጋገሩ። በማግስቱ ፓስተሩ አጋቧቸው፤ እህትየው ምስክር ሆና ፈርማ፣ ባዶ መኪናዋን እየነዳች ወደ አርካንሳስ ተመለሰች።

ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት ሜዳ መንገዳቸው ላይ ነው። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። በር ክፍት በሚውልበት ቀን፣ እንደ መስታወት በሚያበሩ ተጎታቾች መሃል የእነሱ ሽቦው እንደተንጠለጠለ ቆመ። ቨርና ባቄላ ጥዳለች፤ የበቆሎ ዳቦም እየጋገረች ነው። ሰው እየገባ «ውይ» እያለ ይወጣል፤ ቀጥሎ የሚባለው «ያምራል» ግን ከአፋቸው አልወጣ አለ።

በርደት ካይል መጣ። ማንንም ሰላም ሳይል ተንበርክኮ ባትሪውንና መስታወቱን ከገንዳው ሥር አስገባ። ኤልዉድ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆመ።

«ኤልዉድ» አለ በርደት ከሥር ሆኖ፣ በሐዘን። «ይኼ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ አይደለም።»

«እኔስ አብሬው የመጣሁ ነኝ እንዴ?» አለች ቨርና፣ ባቄላውን እያማሰለች። «ሁለተኛ ሚስቱ ነኝ። እሱም ሁለተኛ ባሌ ነው። ራስህን ከምድጃዬ በር አንሳልኝ፣ ዳቦው እያረረ ነው።»

በርደት ባትሪውን አጠፋ። ከተንበረከከበት ሲነሳ ጉልበቱ ተንቋቋ። እጁን ሊታጠብ ቀዝቃዛ መስሎት የቀኙን ቧንቧ ከፈተና ጣቱን ተቃጥሎ ሸሸ፤ ኤልዉድም አፉን ሊከፍት ሲል ቨርና አየችው፤ መልሶ ዘጋው። በርደት ጣቱን እየነፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ምን ዓይነት ባቄላ እንደሆነ ጠየቀ።